ቴሌተቢስ ያን ያህል የተወገዘው ስለምን ነበር? ልጄስ ብታየው?

ጠያቂ፦ የሌስተሯ እናት

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በእንግሊዝ አገር በሌስተር ከተማ ሲሆን አንድ ዓመት ከስምንት ወር የሆናት ሴት ልጅ አለችኝ። ከጥቂት ወራት በፊት አንዲት ጓደኛዬ ልጆቿ ስላደጉ ከሕፃናት ልብስ ጋር አንድ ካርቶን የድሮ ዲቪዲ ሰጠችኝ፤ ከመካከላቸው ቴሌተቢስ የተባለው፣ ሆዳቸው ላይ ስክሪን ያላቸው አራት ባለ ቀለም አሻንጉሊት መሰል ገጸ ባሕርያት የሚታዩበት የእንግሊዝ የሕፃናት ፕሮግራም ልጄን አፍዝዞ ያዛት። ምንጣፍ የምንጠርግበትን ማሽን ባየች ቁጥር በፕሮግራሙ ውስጥ ባለው መጥረጊያ ማሽን ስም «ኑኑ!» እያለች ቱቦውን ታቅፋለች፤ ከቴሌቪዥኑ ፊት ቆማም የቀይዋን፣ የፖን፣ ሆድ በጣቷ ትነካካለች።

እናቴ በቅርቡ ከደሴ ልትጠይቀን መጥታ ሳለ አብራት ተቀመጠችና ፀሐይዋ ውስጥ የሚስቀውን ሕፃን ስታይ አማተበች። «ፀሐይ ውስጥ የሰው ፊት ምን ይሠራል?» ብትለኝ መልስ አጣሁ። በዚያው ሰሞን በአሜሪካ የምትኖረው የባለቤቴ እህት ፕሮግራሙ ድብቅ መልእክት እንዳለው የሚናገር ቪዲዮ በቴሌግራም ላከችልን። ሦስተኛዋ የሕፃናት ጤና ክትትል ነርሷ ናት፤ እርሷ ስለዚህ ፕሮግራም በስም ያለችው ነገር የለም፤ በዚህ ዕድሜ ስክሪን ባይኖር ይመረጣል ብላ ብቻ አለፈች።

ሦስቱም ተቃውሞ ቢሆኑም ከአንድ ምንጭ የተቀዱ አይመስሉኝም። ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው፦ ፕሮግራሙ በወጣበት ዘመን ሕዝቡም ሆነ ተቺዎቹ በትክክል የተቃወሙት ምኑን ነበር? ከዚያ ሁሉ ውስጥስ ዛሬ እኔ ቤት የሚሠራው የትኛው ነው? «እንደ ፍላጎትሽ» የሚል መልስ እባካችሁ አትስጡኝ፤ እርሱን ከባለቤቴ አግኝቼዋለሁ።

መልስ 1፦ የቀድሞ ተማሪ፣ ለንደን

እህቴ፣ በዚያን ጊዜ እዚህ ለንደን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስለነበርኩ ጭቅጭቁን በቅርብ አይቼዋለሁ። ቴሌተቢስ በቢቢሲ 2 መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. ማርች 31 ቀን 1997 ነው። የመጀመሪያው ቁጣ ከሃይማኖትም ሆነ ከድብቅ መልእክት ጋር አይገናኝም ነበር፤ የተነሣው ስለ አነጋገር ነው። አራቱ ገጸ ባሕርያት ሰላምታ ሲሰጣጡ «ኧ-ኦ» ይላሉ፤ ቃላቸው ሁሉ እንደ ሕፃን የተኮላተፈ ነው። ብዙ ወላጆችና መምህራን ልጅ ቃል አጥርቶ መናገር በሚማርበት ዕድሜ ላይ ቴሌቪዥኑ ራሱ እየተኮላተፈ ምን ሊያስተምረው ነው ሲሉ ተቆጡ። በዚያ ላይ ፕሮግራሙ የመጣው «ፕሌይዴይስ» የተባለውንና ቤተሰቦች የለመዱትን የልጆች ዝግጅት ከሰዓቱ አስነሥቶ ስለነበር፣ ጉዳዩ ቢቢሲ ደረጃውን አወረደ ወደሚል ክርክር ለመሸጋገር ጊዜ አልፈጀበትም።

የአዘጋጆቹን ማንነት ማወቅ ግን ይጠቅማል። ዋናዋ አን ዉድ ቀድሞ መምህርት የነበረችና ራግዶል የተባለውን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1984 ያቋቋመች ሴት ናት፤ አብሯት የፈጠረው አንድሩ ዳቨንፖርት ደግሞ በዩኒቨርሲቲ ያጠናው የንግግር ሳይንስን ነው። ማለትም መኮላተፉ በስንፍና የገባ አልነበረም። ገጸ ባሕርያቱ እየተወዛወዙ የሚራመዱበት ሁኔታም ቢሆን መነሻው የጠፈር ተጓዦች ናቸው፤ በዚያ ወፍራም ልብሳቸው ውስጥ ሆነው ሲራመዱ ልክ ዳዴውን ትቶ መቆም የጀመረ ሕፃን ይመስሉ ስለነበር ሐሳቡ ከዚያ ተወሰደ።

ሁለተኛው ቅሬታ ድግግሞሹ ነበር። በአንደኛው ሆድ ላይ የእውነተኛ ልጆች አጭር ፊልም ይታያል፤ ሲያበቃ ሁሉም «እንደገና! እንደገና!» ብለው ይጮኻሉ፤ ያው ፊልም ምንም ሳይቀነስለት ከመጀመሪያው ይደገማል። ጋዜጠኛው ለዚህ ትዕግሥት አልነበረውም፤ ልጆቹ ግን ነበራቸው። እኔ ይህን ትችት ያኔም አልተቀበልኩትም። አንድ ልጅ እግሩ ሲጸና ዙሪያውን ከብበን «ወፌ ቆመች! ወፌ ቆመች!» እያልን ስንት ጊዜ እንደምንደግምለት እናውቃለን፤ ሰልችቶት የሚያውቅ ልጅም አላየሁም።

ይልቅ ከእንግሊዙ ትችት ሁሉ ክብደት የነበረው የንግዱ ነገር ነው። የዚያ ዓመት ገና ሲቃረብ አሻንጉሊቶቹ ከየመደብሩ አልቀው ወላጅ ከከተማ ከተማ ሲፈልጋቸው ነበር፤ የፕሮግራሙ መዝሙርም በሸክላ ወጥቶ በዲሴምበር ወር በሽያጭ አንደኛ ሆነ። በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደር ጣቢያ ገና አፉን ያልፈታ ልጅ ላይ ገበያ መክፈቱ ብዙዎችን አስከፋ፤ እኔንም ጨምሮ። በነገራችን ላይ ያን መዝሙር የገዙት ሁሉ ወላጆች አልነበሩም። እኛ ተማሪዎቹ ሌሊቱን ስንዞር አድረን ጠዋት በጋራ መኖሪያችን ሳሎን ተሰብስበን ቴሌተቢስን እናይ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ዛሬም ማስረዳት አልችልም።

መልስ 2፦ ጠንቃቃ አባት

ከላይ የተጻፈው ጥሩ ነው፤ ዋናውን ነገር ግን ዘሎታል። ሐምራዊው ገጸ ባሕርይ ቲንኪ ዊንኪ ወንድ ሆኖ ሳለ የሴት የእጅ ቦርሳ ይዟል፤ ራሱ ላይም ሦስት ማዕዘን አለ፤ የቀለሙም ምርጫ ያለ ምክንያት አይደለም። ይህ ሁሉ የግብረ ሰዶማዊነት ምልክት እንደሆነ በአሜሪካ የታወቁ ሰባኪ በግልጽ ተናግረዋል። እኔ ለልጆቼ አላሳየሁም፤ አልተጸጸትኩምም።

መልስ 3፦ የሥዕል ወዳጅ

ወንድሜ፣ ልጅዎን መጠበቅዎ ይከበራል፤ ነገር ግን ታሪኩን አብረን እንመልከተው። ሰባኪው ጄሪ ፎልዌል ናቸው፤ ማስጠንቀቂያው የወጣው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1999 በእርሳቸው ሥር ይታተም በነበረ ጋዜጣ ላይ ነው። የቀረበውም ማስረጃ እርስዎ የዘረዘሩት ነው፦ ሐምራዊ ቀለም፣ ሦስት ማዕዘንና ቦርሳ። አሁን አራቱን ጎን ለጎን አቁመው ይመልከቱ። የቲንኪ ዊንኪ ራስ ላይ ያለው ሦስት ማዕዘን ነው፤ የዲፕሲ ቀጥ ያለ ዘንግ፣ የላላ የተጠማዘዘ፣ የፖ ደግሞ ክብ ነው። ገና ስም መጥራት ያልቻለ ልጅ አራቱን በቀለምና በቅርጽ እንዲለይ የተደረገ ነገር ነው። ለእያንዳንዳቸውም አንዳንድ የሚወዱት ዕቃ ተሰጥቷቸዋል፤ ዲፕሲ ባርኔጣ፣ ላላ ኳስ፣ ፖ በእግር የምትገፋ ስኩተር አላቸው። ለአንዱ ቦርሳ ደረሰው። የሁለት ዓመት ልጅ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ የእናቱን ቦርሳ ባገኘ ጊዜ ምን እንደሚያደርግ እናት የሆነ ሁሉ ያውቃል፤ ቁልፉን ከተተ፣ አወጣ፣ መልሶ ከተተ፣ በመጨረሻም ስልኩ የት ገባ ተብሎ ቤቱ ይታመሳል።

ነገሩ በአሜሪካም አልቆመም። እ.ኤ.አ. በ2007 በፖላንድ የሕፃናት መብት ጠባቂ የነበሩት ባለሥልጣን ኤቫ ሶቪንስካ ይህንኑ ቦርሳ አንሥተው በሥነ ልቦና ባለሙያዎች ይመርመር አሉ፤ ብዙም ሳይቆዩ ግን ራሳቸው ሐሳባቸውን ተዉ። እኔ የሚቆጨኝ ዓለም በቦርሳው ሲስቅ መሰንበቱ ነው፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ቴሌተቢስን የተቸ ሰው ሁሉ፣ ስለ ቋንቋም ይሁን ስለ ንግድ ቢናገር፣ ከቦርሳ ፈሪዎቹ ጋር ተደምሮ ይሳቅበት ጀመር።

እናትዎ ስለ ፀሐይዋ ለጠየቁት ደግሞ አንድ ነገር ልበል። በአንዳንድ የስቅለት ሥዕሎቻችን ላይ ፀሐይና ጨረቃ የሰው ፊት ይዘው ተሥለዋል፤ በጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይም ዓይናቸው የጎላ፣ ጉንጫቸው የሞላ፣ ክንፍ ያላቸው የመላእክት ፊቶች በረድፍ በረድፍ ሆነው ወደ ታች ይመለከታሉ። እናትዎ ያማተቡት ፊት ሰማይ ላይ ሆኖ ስላዩ ብቻ አይመስለኝም። ፊት ሰማይ ላይ ሲሆን ትርጉም አለው ብለው የሚያምኑ ሰው ስለሆኑ፣ ይኸኛው ትርጉሙ ምን ይሆን ብለው ነው የጠየቁት። መልሱ ቀላል ነው፤ ሕፃን የሌላ ሕፃን ፊት ማየት ስለሚወድ፣ አዘጋጆቹ የአንዲት እውነተኛ ሕፃን ሣቅ ቀርጸው ፀሐይዋ ውስጥ አስገቡት።

መልስ 4፦ የንግግር ሕክምና ባለሙያ፣ ሚኒያፖሊስ

ጠያቂዋ «የትኛው ይሠራል?» ብላለችና ወደዚያ ልመለስ። የነርሷ ተቃውሞ ከሦስቱ ትንሹ ቢመስልም ጠንካራው እርሱ ነው።

ፕሮግራሙ አሜሪካ የገባው እ.ኤ.አ. በአፕሪል 1998 ፒቢኤስ በተባለው የሕዝብ ቴሌቪዥን በኩል ነው። እዚህ አዲስ የሆነው የአሻንጉሊቶቹ መልክ ሳይሆን ዕድሜው ነበር፤ የሕዝብ ጣቢያ የአንድ ዓመት ልጅን ተመልካቼ ብሎ ሲጠራ የተለመደ ነገር አልነበረም። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ አልቪን ፑሳንትና የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ሱዛን ሊን የጠየቁት ጥያቄ ግልጽ ነበር፦ ለአንድ ዓመት ልጅ ቴሌቪዥን እንደሚያስተምር ማስረጃው የት አለ? ያኔ የሚያሳይ አልተገኘም። በዓመቱ፣ በኦገስት 1999፣ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ቴሌቪዥን እንዳይከፈት መከረ። ምክሩ በ2016 ጥቂት ላልቶ፣ ከ18 ወር በታች ከዘመድ ጋር በቪዲዮ ከመነጋገር በቀር ስክሪን አይኑር፣ ከ18 እስከ 24 ወር ባለው ጊዜ ደግሞ ወላጅ ማሳየት ከፈለገ ጥሩውን መርጦ አብሮ ይመልከት የሚል ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ ግን ለአንድ ዓመት ልጅ ተቀምጦ ስክሪን ማየትን ጭራሽ አልመከረም፤ ከሁለት ዓመት ጀምሮ በቀን ከአንድ ሰዓት አይብለጥ ብሏል።

ስለ ቴሌተቢስ በተለይ የሚጠቀስ ጥናት አለ። ሊንበርገርና ዎከር የተባሉ ተመራማሪዎች በ2005 ያወጡት ሲሆን፣ 51 ልጆችን ከ6 ወራቸው እስከ 30 ወራቸው ድረስ በየሦስት ወሩ እየተከታተሉ የሚያዩትን ፕሮግራምና የቋንቋ እድገታቸውን መዘገቡ። ቴሌተቢስን የሚያዩት የሚናገሩት ቃል አነስተኛ ሆኖ ተገኘ፤ «ብሉስ ክሉስ» እና «ዶራ» የተባሉትን የሚያዩት ግን የተሻለ ቃል ነበራቸው። የልጆቹ ቁጥር ጥቂት ነው፤ አንዱ ሌላውን አመጣ ለማለትም አይቻልም። ሆኖም ልዩነቱ በሙያችን ከምናየው ነገር ጋር ይገጥማል። በእነዚያ ሁለቱ ፕሮግራሞች ገጸ ባሕርዩ ዓይኑን ወደ ልጁ አድርጎ ይጠይቃል፤ ከዚያም ዝም ይላል። ያ ዝምታ ለልጁ የተተወ ቦታ ነው። በቴሌተቢስ ውስጥ የሚነጋገሩት አራቱ እርስ በርሳቸው ነው፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገር በብዛት የሚናገረው የማይታየው ተራኪ ነው።

እዚህ ላይ ከለንደኑ ወንድሜ ጋር እለያያለሁ። ድግግሞሹ ጉዳት የለውም ማለትዎ ትክክል ነው፤ «ወፌ ቆመች»ን ከቴሌተቢስ ጋር ማነጻጸርዎ ግን አልተዋጠልኝም። «ወፌ ቆመች» የምንለው የልጁን ጉልበት እያየን ነው። ጉልበቱ ሲንቀጠቀጥ ድምፃችንን እንቀንሳለን፤ ሲወድቅ «እኔን!» ብለን እናነሣዋለን፤ ሲስቅ ደግመን እንጀምራለን። ቴሌቪዥኑ «እንደገና!» የሚለው ልጁ ቢያለቅስም፣ ቢተኛም፣ ከክፍሉ ቢወጣም ነው።

ወደ እርስዎ ልጅ ስመጣ፣ «ኑኑ» ማለቷን አልናቀውም። በስክሪን ያየችውን ወስዳ በቤት ውስጥ ካለው እውነተኛ ማሽን ጋር አገናኝታዋለች፤ በእኛ አቆጣጠር ይህ አንድ ቃል ነው። ቃላቷን ሲቆጥሩ የአማርኛውንና የእንግሊዝኛውን በአንድ ላይ ይቁጠሩ፤ ሁለት ቋንቋ መስማቷ አያዘገያትም። ሁለት ዓመት ሲሞላት ቃላቷ ተደምረው ከ50 በታች ከሆኑ ወይም «ማማ ነይ» ብላ ሁለት ቃል ማገጣጠም ካልጀመረች ግን ለነርሷ ይንገሯት፤ ያን ጊዜም ቢሆን ቴሌተቢስን ብቻ ጥፋተኛ አያድርጉ። እንግሊዝኛውን መንገዱም መዋዕለ ሕፃናቱም ያስተምራታል፤ አማርኛ የምትሰማው ግን ከእናንተ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ቴሌቪዥን የወሰደው ግማሽ ሰዓት ከአማርኛዋ የተቆረጠ ግማሽ ሰዓት መሆኑን አስልተው ይወስኑ።

መልስ 5፦ ከሪያድ

ታዲያ ለምን «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን አያሳዩአትም? ቀጭኔዋ ፀሐይ አማርኛ ተናጋሪ ናት፤ ብሩክታዊት ጥጋቡና ባልደረቦቿ አዲስ አበባ ውስጥ ያዘጋጁት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የጃፓን ሽልማትንም አግኝቷል። የእኔ ልጆች እጅን በሳሙና መታጠብ የተማሩት ከእርሷ ነው፤ እኔ ስናገር ሰምተውኝ አያውቁም ነበር።

መልስ 6፦ የንግግር ሕክምና ባለሙያ፣ ሚኒያፖሊስ

እስማማለሁ፤ ነገር ግን እርሱ የተዘጋጀው ትምህርት ቤት ሊገቡ ለተቃረቡ ልጆች ነው። ታሪኩን መከተል የምትችለው ሦስት ዓመት ሲሞላት ይመስለኛል፤ እስከዚያው ይቆይላት።

የሌስተሯ እናት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መልሶቹን ለእናቴ አነበብኩላት። ስለ ደብረ ብርሃን ሥላሴ የተጻፈውን ስትሰማ ዝም ብላ ቆየችና «እነዚያ እኮ አይስቁም» አለች። መልሱን ለሥዕል ወዳጃችን ትቼዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ያደረግነው የእርሷ ሐሳብ ነው። ዲቪዲው በቀን አንድ ጊዜ፣ ለሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ይከፈታል፤ ድምፁ ግን ይጠፋል። እናቴ ልጄን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ከራሷ እያወጣች ትተርክላታለች። ዲፕሲ «አረንጓዴው ጎረምሳ» ሆኗል፤ ላላ «ብጫዋ እመቤት» ተብላለች፤ ያ የሚወዱት ሮዝ ምግባቸው ደግሞ አጥሚት ነው። «ይቺ ቀይዋ ዛሬ የት ልትሄድ ይሆን?» ትልና ወደ ልጄ ዞራ ትጠብቃለች። ባለሙያው ስለ ዝምታ የጻፉትን ከማንበቤ በፊትም እንዲሁ ነበር ተረት የምትነግረኝ፤ ልብ ያልኩት ግን አሁን ነው። በሦስተኛው ቀን ልጄ በጣቷ ወደ ስክሪኑ እያመለከተች «አሚት!» አለች። «ጥ»ዋ ገና አልመጣችም። እናቴ ሌሎቹ ቃላት ከዚያ በኋላ ቢዘገዩም ግድ የላትም፤ አጥሚት አፍልታ ሰጠቻት።

በመጨረሻ አንድ ቀላል ጥያቄ አለኝ። ፕሮግራሙ የተቀረጸበት አረንጓዴ ኮረብታ ከእኛ ብዙም በማይርቀው በዎሪክሺር ገጠር እንደሆነ ሰማሁ። ልጄ በፕሮግራሙ ውስጥ የሚታዩትን ጥንቸሎች በጣም ስለምትወድ እናቴ ከመመለሷ በፊት ብንወስዳት የሚታይ ነገር ይኖራል?

የቀድሞ ተማሪ፣ ለንደን

ባለሙያው ያረሙኝን ተቀብያለሁ፤ የልጁን ጉልበት ረስቼው ነበር።

ቀረጻው ወደተደረገበት ዊምፕስቶን ግን አትድከሙ። ቀረጻው ካበቃ በኋላ ቦታውን ለማየት የሚመጣው ሰው አጥር እየዘለለ ስላስቸገረ ባለቤቶቹ መስኩን በውኃ ሞልተው ኩሬ አድርገውታል። ጥንቸሎቹንም በሌላ መስክ ላይ እንደዚያ ሆነው አታገኟቸውም። አሻንጉሊት መስለው የሚታዩት ገጸ ባሕርያት ውስጣቸው ሰው ያለባቸው፣ ትልቁም ሦስት ሜትር ገደማ የሚደርስ ስለነበሩ፣ ተራ ጥንቸል አጠገባቸው አይጥ እንዳይመስል ሲባል በጣም ትልልቅ የሆነ ዝርያ ተመርጦ ነበር የመጣው። ልጅዎ የመንደር ጥንቸል ብታይ «ይኸማ ግልገሉ ነው» ማለቷ አይቀርም። ይህን የሚያስረዳ ተራኪ ግን ከደሴ ይዛችኋል።